የልብ ትርታ የሚቆጥረው በር

የድሬዳዋ ሙቀት ቀን ቀን ከቤት አላስወጣ ካለ ወዲህ ምንትዋብና ባሏ ዘርይሁን ሴት ልጃቸውንና የዘርይሁንን እናት እማማ አስካለን ይዘው ማልታ ደሴት ለመግባት ቆርጠዋል። እዚያ ብዙ የኖረችው የዘርይሁን እህት ትርሲት በስልክ ትመክራቸዋለች።

«በብርዱ ወራት ቤቱ ስለሚረጥብ ወፍራም ብርድ ልብስ ያዙ። ልጅቷን ከአሁኑ ቋንቋውን አስጀምሯት። ደግሞ እወቁት፣ ውሃ ስላነሰ ደሴቲቱ ከአንድ ቤት ከአራት ነፍስ በላይ አታስገባም። ወደቡ ላይ ያለው በር የሚቆጥረው የልብ ትርታ ነው።»

ምንትዋብ መቀመጥ አቃታት። ያጠፈችውን ልብስ ዘርግታ እንደገና አጠፈችው።

«ትርሲትዬ፣ በሩ ያልተወለደውንም ይቆጥራል?»

ዘርይሁን ሚስቱን ትክ ብሎ አያት።

«ይቆጥራል» አለች ትርሲት ቀስ ብላ። «ብዙዎቹ ቁጥሩ እንዳያልፍባቸው ከመሳፈራቸው በፊት ሐኪም ቤት ይሄዳሉ።»

እማማ አስካለ ተነሡና ቀሚሳቸውን ከሻንጣው አወጡ። «እኔ ሙቀቱን ለምጄዋለሁ፣ ልጄ» አሉ።

ምንትዋብ ሻንጣውን አንስታ አልጋው ላይ ገለበጠችው።

«ማንንም ጥለን አንሄድም!» አለች።

ዘርይሁን ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ከተበተነው ልብስ መሐል የልጅቷን ጫማ ፈልጎ እንደ ወትሮው የቤቱ በር ሥር አስቀመጠላት።