ግራጫ የለበሰችው አዲስ መኪና

የመኪና ቀለም የነጂውን ስሜት እንዲያሳይ ሕግ ከወጣ ወዲህ ቢጫ ደስታ፣ ግራጫ እፍረት መሆኑን ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። ጋዜጠኛው ምንተስኖት ገና ለገበያ ያልቀረበችውን አዲስ የስፖርት መኪና ሊሞክር መሪዋን ሲጨብጥ ቢጫ ሆና ፈካች።

ባልደረቦቹ ከበው ሲያደንቁ፣ አብረውት እንዲንሸራሸሩ የጠራቸው አባቱ አቶ ልሳኑ ደረሱ። «ወንበሩን እንዳላቆሽሽ» ብለው ጫማቸውን ሲያወልቁ፣ ከተቀደደው ካልሲያቸው አውራ ጣታቸው ብቅ አለ።

መኪናዋ ባንዴ ግራጫ ለበሰች።

አቶ ልሳኑ ቀለሙን አይተው ጫማቸውን መልሰው አጠለቁ።

«በል ሂድ ልጄ፣ እኔ በአውቶቡስ እመለሳለሁ።»

«ኧረ አባባ፣ ይግቡ!» አለ ምንተስኖት። ወርዶ ግን አልተከተላቸውም።

በማግስቱ ባወጣው ግምገማ የመኪናዋን ፍጥነትና የወንበሯን ምቾት አወድሶ ጻፈ። ስለ ቀለሟ አንድም ቃል አልተነፈሰም።