እስከ ወገብ

ዛሬ ጠዋት የፓራና ወንዝ ከፍታ ሰማንያ ሴንቲሜትር ነው። ኦስማር በወደቡ ግንብ ላይ ከተቀቡት ቁጥሮች አነበበው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሥራው ይኸው ነው። የደረጃው የመጨረሻ እርከን ከውሃው ወጥቶ ደርቋል። ከበሮ መቺ የነበረው ልጁ ኤሴኪየል ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ ማታ በዚህ ደረጃ ተንሸራትቶ ነው የሰመጠው።

"ዶን ኦስማር።"

ሳይዞር አወቀው። ፋኩንዶ ነው፤ የልጁ የሮክ ባንድ ዘፋኝ የነበረው። ባንዱ ከፈረሰ በኋላ ብቻውን ባወጣው ዘፈን "ውሃው እስከ ወገቤ ነበር፣ ቆሜ አየሁት" ይላል። ከተማው ኑዛዜ ነው ብሎታል። ትናንት በኮንሰርቱ ማስታወቂያ ላይ "ገዳይ" ብለው ጽፈውበታል።

"ዛሬ ማታ ልዝፈነው ወይስ ልተወው? ተው ካሉኝ ሁለተኛ አልዘፍነውም።"

ወንዙ ላይ ካለ ታንኳ አንድ ዓሣ አጥማጅ ጮኸ፤ "ኦስማር! ገፋ አድርገውና ተገላገል!"

"አንተ መረብህን ያዝ፣ ለፍላፊ!" አለና ኦስማር ወደ ፋኩንዶ ዞረ። "ግጥሙ እውነት ነው?"

"እውነት ነው። ታችኛው እርከን ላይ ወገብ ነበር የሚደርሰው። ወርጄ እጁን መያዝ እችል ነበር። ፈራሁ።"

"ወርደህ ነበር?"

"ፈራሁ አልኩዎት'ኮ፤ አልወረድኩም።"

"ታዲያ ወገብህ ድረስ መሆኑን በምን አወቅህ?"

ፋኩንዶ ወደ ታችኛው እርከን ተመለከተ።

ኦስማር ዘፈኑን በሬዲዮ የሰማ ዕለት እሱም አምኖት፣ ሲገላበጥ ነው ያደረው። ሲነጋ እዚህ ግንብ ፊት ቆሞ ቁጥሩ ትዝ አለው። ልጁ በሚፈለግበት ጠዋትም ወንዙን ለክቶ ነበር፤ ማንም አላዘዘውም፣ እጁ ሌላ የሚሠራው አጥቶ ነው።

"እስከ ታችኛው እርከን ውረድ" አለው። "ግንቡን ተጠግተህ እጅህን ወደ ላይ ዘርጋ። በደንብ! ጊታር የምትመታበት እጅ አይደለም እንዴ?"

ፋኩንዶ ወርዶ በእግሩ ጣቶች ቆሞ ተንጠራራ። ኦስማር ከላይ ተንበርክኮ ግንቡ ላይ በተቀባው የሦስት ሜትር ከስልሳ ሴንቲሜትር መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ።

"ያን ማታ ውሃው እዚህ ነበር። አሁን እንደፈለግህ ዝፈነው።"

ፋኩንዶ ቀና ብሎ አየ። ከእጁ ጫፍ እስከ ሽማግሌው ጣት ሠላሳ አምስት ሴንቲሜትር ይቀራል።