መብራቱ እምቢ ያለ ዕለት

ሰሞኑን የአማቷ አዲስ ልማድ አያልነሽን አስጨንቋታል። እትዬ ብዙነሽ ከገቡበት ክፍል ሁሉ መብራቱን ያጠፋሉ፣ መልሰው ያበራሉ፣ ቀና ብለው አምፖሉን ያያሉ፣ ከዚያ ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው ይወጣሉ።

«አባካኝ ነሽ ሊሉኝ ነው» ትላለች አያልነሽ በሆዷ። በአፏ ግን ምንም አትልም። ዝምተኛ ናት።

ያሁኑ ዝምታዋ ግን ሊያስከፍላት ነው። ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ከሚኖሩበት ፎቅ ጀርባ የጎልማሶች ትምህርት ቤት አለ። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ያቋረጠችውን ልትቀጥል ልቧ ቆሟል፤ ምዝገባው ደግሞ ሰኞ ይዘጋል። ባሏ ታዲዮስ ደስ ብሎት ነው እሺ ያላት።

«ሕፃኗን ትንሣኤን ማን ይይዛታል ነው እንጂ» አለ። «እማዬን ራስሽ ጠይቂያት።»

ማን፣ እትዬ ብዙነሽን? ሽሮዋን በቀመሱ ቁጥር «እህ» ብለው ዝም የሚሉትን ሴትዮ?

ጭንቀቷን ያየችው አንድ ፎቅ ከላያቸው የምትኖረው አቢግያ ናት። አቢግያ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች ተማሪ ስትሆን፣ ሰው ተኝቶ እያለ «ይሄ ህልም ነው» ብሎ የሚያውቅበትን ዘዴ ከስልኳ ተምራ ላገኘችው ሁሉ ታስተምራለች።

«ሲስ፣ መጀመሪያ በህልምሽ ጠይቂያት» አለቻት። «ከዚያ በእውኑ ምላስሽ ይፈታል።»

«ህልም መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

«ማብሪያውን ተጫኚ። በህልም መብራት እሺ አይልም። ቀን ቀን ልማድ ካደረግሽው ተኝተሽም ትጫኚዋለሽ። ፖሌ ፖሌ ነው፣ አትቸኩዪ። አንዷ ተማሪዬ እኮ ትናንት በረረች!»

«ወዴት?»

«በህልሟ ነዋ! ኪሊማኒን ከላይ ሆና አየችው።»

አያልነሽ ቀናች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አማቷ ዞር ባሉ ቁጥር ማብሪያውን ቀጭ ቀጭ ታደርጋለች። እትዬ ብዙነሽም ዞር ማለት አብዝተዋል። ከምሳ በኋላ «ስልኬን ታስተካክልልኝ» እያሉ ወደ አቢግያ ይወጣሉ፤ ሲመለሱ ፊታቸው ፈክቶ ነው።

«አምተውኝ መጡ» ትላለች አያልነሽ፣ አሁንም በሆዷ።

የሳሎኑ ማብሪያ ላላ። ታዲዮስ ነካ ነካ አደረገውና፣ «ማነው በዚህ የሚጫወተው?» አለ። አማትና ምራት እኩል ዞረው ትንሣኤን አዩ። ትንሣኤ ገና ወንበር ይዛ መቆም እየተማረች ነው።

ስለ እትዬ ብዙነሽ መነገር ያለበት ሌላ ነገር አለ። የመረቁትን አይመልሱም። ከአገር ቤት የመጡ ሰሞን ማታቱ የሚሉትን የሚኒባስ ታክሲ ረዳት የልጃቸው ጓደኛ መስሏቸው «መንታ ውለድ!» ብለው መርቀውት፣ ተሳፋሪው ሲስቅ እሳቸው ፍንክች አላሉም። «የወጣ ምርቃት አይመለስም። ይውለድ!» ነበር ያሉት።

እሑድ መጣ። ከምሳ በኋላ ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡን ለቀቀው። አያልነሽ ትንሣኤን ስታስተኛ ራሷም ሶፋው ላይ እንቅልፍ ይዟት ሄደ። እትዬ ብዙነሽም ክፍላቸው ውስጥ ጋደም ብለዋል። ታዲዮስ፣ «የመብራት ቆጣሪው ሂሳብ ሊያልቅበት እየጮኸ ነው፣ ቶከን ልግዛ» ብሎ ጃኬቱን ሲለብስ የመለሰለት ሰው አልነበረም።

አያልነሽ ዓይኗን ስትገልጥ ቤቱ ጨላልሟል። በልማዷ ሄዳ ማብሪያውን ተጫነች። አልበራም። ደግማ ተጫነች። አልበራም።

ልቧ በደስታ ዘለለ። «ተሳካልኝ!»

ወዲያው እትዬ ብዙነሽ ከክፍላቸው ወጡ። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው በበሩ በኩል ያለውን ማብሪያ ተጫኑ። ጨለማ። የእውነቷ እትዬ ብዙነሽ ብትሆን ቤቱን ትቀውጠው ነበር። ይቺኛዋ ግን ፈገግ አለች። አያልነሽ ከዚህ በኋላ ምንም አልተጠራጠረችም።

«እማማ» አለች፣ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ እስኪሆንባት፤ «እኔ ነገ ትምህርት ቤት ልመዘገብ ነው። ትንሣኤን እርስዎ ይይዙልኛል።»

«ታዲያ እስከዛሬ ምን ጎለተሽ?»

«እርስዎን ፈርቼ ነዋ! ሽሮዬን እንኳ አንድ ቀን ጣፈጠኝ ብለውኝ አያውቁም።»

«ሽሮሽማ ከእኔ ሽሮ ይበልጣል» አሉ እትዬ ብዙነሽ ሶፋው ላይ ቁጭ እያሉ። «ልቤ ያውቀዋል፤ አፌ ነው እምቢ የሚለኝ። አማት ነኝ እኮ! ዛሬ ግን ማን ሰምቶኝ?»

ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ህልም እንዲህ ደስ እንደሚል አያልነሽ አታውቅም ነበር።

«እንግዲያው ይመርቁኝ» ብላ እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

እትዬ ብዙነሽ መዳፋቸውን ዘረጉ። «ያቋረጥሽውን ያስቀጥልሽ!»

«አሜን።»

«ደብተርሽን ወጥ አይንካው! ልጅሽ ከእኔ ጋር ትዋል፣ አንቺ ከፊደል ጋር ዋዪ!»

«አሜን!»

«አሜን!» አለ ሦስተኛ ድምፅ ከበሩ። ሳሎኑ በብርሃን ተሞላ። ታዲዮስ ካልሲው ሳይቀር ረጥቦ ቆሟል። «ቶከኑን ሞልቼ ስገባ ምርቃት ደረሰልኝ» አለ እየሳቀ።

አያልነሽ በተንበረከከችበት ደርቃ ቀረች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ቀና ብላ አማቷን ለማየት ጭላጭ ድፍረት እንኳ አልነበራትም፤ ግን አየቻቸው።

እትዬ ብዙነሽ እሷን እያዩ አልነበረም። አፋቸውን ከፍተው አምፖሉን ያያሉ። ቀስ ብለው ተነሡ፣ ማብሪያው ዘንድ ሄዱ፣ አጠፉት፣ አበሩት፣ ደግመው አጠፉት፣ አበሩት።

«ወይ አቺ አቢግያ!» አሉ ግንባራቸውን ይዘው፤ «ካልበራ ህልም ነው ብላኝ አልነበር እንዴ?»