አምስት መቶ ሜትር

«ይውረዱ አልኩኮ፣ አያ አሳምነው። ፈረሱም ከዚህ ይራቅ።»

የምርጫ ጣቢያው ኃላፊ ይኸነው ይህን ያለው በትምህርት ቤቱ የቀርከሃ በር ላይ እጁን እንደ መዝጊያ ዘርግቶ ነው። የለበሰው ካኪ ሰደርያ ትናንት ከኮሶበር ከተማ በካርቶን የመጣ ስለሆነ የታጠፈበት መስመር ገና አልለቀቀም። አያ አሳምነው ከዳማው ፈረስ ኮርቻ ላይ ሆነው ቁልቁል አዩት። ከፈረስ ላይ ሲያዩት ሰው ሁሉ ያጥራል፤ ይኸነው ግን አበዛው።

«ፈረሱ ምን አደረገ?»

«ምልክት ነው።»

«የምን ምልክት?»

«የተወዳዳሪ። እንየው የሚወዳደረው በፈረስ ምልክት ነው። ከጣቢያው እስከ አምስት መቶ ሜትር የተወዳዳሪ ምልክት ማሳየት ክልክል ነው። ታዛቢዋም አመልክታለች።»

ታዛቢዋ ውብአየሁ የእንየው ተፎካካሪ ወኪል ናት። ዛፍ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የቅሬታ ቅጽ ትሞላለች። ቀና ሳትል «የጌጥ ግላስም ለብሷል» አለች፤ ይህ ጥፋቱን የሚያከብደው ይመስል።

አገሩ የፈረስ አገር ነው። ሰው ለሰርግም፣ ለለቅሶም፣ ለገበያም በፈረስ ይሄዳል፤ በዚያ የግንቦት እሑድም ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሊመርጥ የመጣው በፈረስ ነው። ጠዋት አጥሩን ይዘው አሥራ አራት ፈረሶች ታስረው ነበር። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች አሥራ አራት ፈረስ አሥራ አራት ፖስተር ይሆናል ብለው አላሰቡም፤ ይኸነው አሰበላቸው። ባለፈረሱን ሁሉ በየስሙ እየጠራ አስፈታ። ሰዉም ፈታ። ጉግስ ሲሆን መሬት አልበቃ የሚለው ወንድ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ፣ ፈረሱን እስከ ወንዙ ማዶ ጎትቶ አስሮ፣ በእግሩ ተመልሶ ሰልፍ ያዘ። «ምነው?» ያለ አንድ ሰው አልነበረም።

አሁን የቀሩት አያ አሳምነው ብቻ ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ጉግስ ላይ ወድቀው ቀኝ ጉልበታቸው ከተሰበረ ወዲህ፣ ሰው ፊት በእግራቸው ሄደው አያውቁም። አገሩ የሚያውቃቸው ኮርቻ ላይ ነው። ሲያነክሱ ያየቻቸው ምራታቸው ሸጋ ብቻ ናት።

«ከሕግ ጋር ጠብ የለኝም» አሉ። «ወረቀቱን እዚሁ አምጣልኝ፤ መርጬ ልሂድ።»

«ፈረስ ላይ ሆኖ አይመረጥም።»

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይመርጥ። የምመርጠው እኔ ነኝ።»

ከሰልፉ ጥቂት ሰው ሳቀ። ይኸነው ዞር ሲል ሳቁ የማንም አልሆነም።

አያ አሳምነው እንየውን በዓይናቸው ፈለጉት። ኮትና ክራቫት አድርጎ ከሰልፉ ሦስተኛ ቆሟል። እንየው በባጃጅ የሚሄድ የከተማ ነጋዴ ነው፤ ለፖስተሩ ፎቶ ሲነሳ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ደግፎ ነው ኮርቻ ላይ ያቆየው። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «አጎቴ ፈረስ ነው» ያለችው ለእንደሱ ዓይነቱ ነው። አያ አሳምነው ይህን ሁሉ እያወቁ ሊመርጡት መጥተዋል። እሱን ሳይሆን ፈረሱን።

«እንየው፣ ምልክቱ ያንተ ነው። አንተ ምን ትላለህ?»

እንየው ክራቫቱን ነካካ። «እንግዲህ አያ፣ ሕግ ነው። በኋላ እኔን ሰበብ ፈልገው እንዳይሰርዙኝ... ይውረዱልኝ።»

«ልውረድልህ?»

እንየው መሬት መሬት አየ።

አያ አሳምነው ወረዱ። አብራቸው የመጣችው ምራታቸው ሸጋ እርካቡን ይዛ አወረደቻቸውና ዳማውን እየሳበች ወደ ማዶ ሄደች። ከበሩ እስከ ክፍሉ ስድሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ቀኝ እግራቸው እንደ ሰከረ ዘመድ ወደ ጎን እየጎተታቸው ሄዱ። ክንዳቸውን የያዘ የለም፤ መደገፍ ቅስቀሳ ይሁን አይሁን ገና አልታወቀም። ሰልፈኛው ሁሉ የጫማውን ጫፍ ሲመረምር ቆየ፣ ጨዋነት ይሁን ፍርሃት እሱ ይወቅ።

ጣታቸውን ቀለም ነክረው ወረቀቱን ተቀብለው ከመጋረጃው ጀርባ ገቡ። ፈረሱ ከታች በኩል ተስሏል። ጆሮው የአህያ፣ ሆዱ የደረሰች ላም ነው፤ ልጓም እንኳ አላደረጉለትም። ከጎኑ የእንየው ስም። እስክሪብቶውን አነሱ፣ ስሙን ደግመው አዩት፣ እስክሪብቶውን መልሰው አስቀመጡ። ወረቀቱን አንድም ምልክት ሳያደርጉበት አጥፈው ኮሮጆው ውስጥ ጨመሩት።

«መብትዎን ስለተጠቀሙ እናመሰግናለን» አለ ይኸነው፣ በሥልጠናው እንደተነገረው።

አያ አሳምነው ደጃፉ ላይ ቆመው ሁለት ጣት አፋቸው ውስጥ ከተው አፏጩ።

ሸጋ ገመዱን ትልቀቀው ወይም ያምልጣት እስከ ዛሬ አልተናገረችም። ዳማው ወንዙን ተሻግሮ፣ ገመዱን እያስጎተተ፣ በቀርከሃው በር ሰተት ብሎ ገባ። ይኸነው እጁን አነሳ። ፈረሱ እጁን አላየለትም። ውብአየሁ ሌላ ቅጽ መዘዘች።

ለጤነኛ ሰው እርካብ ይበቃል፤ ለተሰበረ ጉልበት ግን መወጣጫ ያስፈልጋል።

«ይኸነው።»

«አቤት።»

«ወንበርህን አምጣ።»

ይኸነው አፉን ከፈተ። አንቀጽ ሲፈልግ ቆየና ያገኘው «እሺ» የምትል ቃል ብቻ ነበር። ጀርባው ላይ «ሰብሳቢ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበትን የፕላስቲክ ወንበር ተሸክሞ አመጣ፤ እንዳይነቃነቅ በሁለት እጁ ያዘው። አያ አሳምነው በቦቲ ጫማቸው መቀመጫውን ረግጠው ኮርቻው ላይ ወጡ። ሰልፉን ማንንም ሰላም ሳይሉ በእርምጃ አለፉት።

ወንበሩ ላይ የጫማው ቅርጽ ጭቃውና ሣሩ ሳይጎድል ቀርቷል። ይኸነው በእጅጌው ጠረገው፤ ይብሱን ተዘረጋ። ሰልፈኛውን በዓይኑ ገረፍ አድርጎ አየ፤ ሁሉም ያያል። «ቀጣይ» አለና ላዩ ላይ ተቀመጠ።