ለቅናሽ የተነገረ ገመና

ሙዛሒም ባግዳድ ውስጥ የሰፈር ጄኔሬተሮች ባለቤት ነበር። የመንግሥት መብራት በጠፋ ቁጥር ሰፈሩ ሁሉ የሚበራው ከእሱ በሚገዛው ነው። ያልከፈለ ካለ ራሱ ሄዶ ገመዱን ይቆርጣል፤ የተከራከረውን ይደበድባል። ምን ያህል ገንዘብ እንዳለውና የት እንደሚያስቀምጠው ግን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ጎረቤቱ የነበረ ወርቅ ሻጭ ሀብቱ ታውቆ፣ ታፍኖ፣ ሬሳው ከጤግሮስ ወንዝ ዳር ከተገኘ ወዲህማ የገንዘብ ወሬ ሲነሳ ከተቀመጠበት ተነስቶ ይሄዳል።

ሚስቱ ናሂዳ ጡቷ ላይ እብጠት ወጣባት። ሐኪሙ በሽታው ተሰራጭቶ እንደሆነ ለማወቅ መላ ሰውነቷ በመሣሪያ እንዲታይ አዘዘ። ምርመራው ያለው በአንድ የግል ሆስፒታል ነው፤ ዋጋው የአስተማሪን የወራት ደመወዝ ይበላል። ሆስፒታሉ ቅናሽ ያደርጋል። ቅናሽ የፈለገ ሰው ግን ገቢውንና ያጠራቀመውን በማስረጃ ማሳየት አለበት።

ሙዛሒም ሁለቱንም አልፈልግም አለ። ሙሉውን መክፈል መዘረፍ ነው፤ ገመናን ለማያውቁት ሰው መዘርዘር ደግሞ አንገትን ለቢላ ማቅረብ ነው አለ። ናሂዳ ለመነችው። እራት ላይ ደግማ ስታነሳበት ሳህኑን ከግድግዳ ጋር አላተመው፤ ስታለቅስ በጥፊ መታት። አፍንጫዋ እየደማ ወንድሟ ቤት ሄደች።

ወንድሟ ሰዕዱን የሚባል፣ ታክሲ የሚነዳ ቁጥብ ሰው ነው። ጠብ አላነሳም። እህቱን ጥቂት ቀን አሳርፎ፣ ራሱ ይዟት መጥቶ አስታረቃቸው። ቅናሹ እስከ ሲሶ እንደሚደርስም ለሙዛሒም የነገረው እሱ ነው። ሙዛሒም አንድ ሳምንት ሲያወጣ ሲያወርድ ከረመ። ፍርሃቱ ትልቅ ነበር። ሲሶውም ትንሽ አይደለም።

የቅናሹን ጉዳይ የሚያየው ሙሀነድ የሚባል መነጽር ያደረገ ወጣት ነበር። ሙዛሒም ገብቶ በሩን በእጁ ዘጋ። ናሂዳ አቅም አንሷት ወንበሩ ላይ ዓይኗን ጨፍናለች። ሙዛሒም ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ብሎ ገንዘቡ የትኛው የውጭ ገንዘብ መንዛሪ ዘንድ እንዳለና ምን ያህል እንደሆነ በሹክሹክታ ተናገረ።

ሙሀነድ ቀና ብሎ አየው። "ሐጂ፣ ይህን ያህል ያለው ሰው ቅናሽ ሊጠይቅ ሲመጣ የመጀመሪያዬ ነው" አለና ፈገግ አለ።

ሙዛሒም በክራባቱ ይዞ ወደ ራሱ ጎተተው።

"ይቺ ነገር ከዚህ ክፍል ከወጣች አርድሃለሁ" አለው።

የተቀነሰላቸው ከመቶ አሥር ብቻ ሆነ። ምርመራው በሽታው ጉበቷ ላይ መድረሱን አሳየ። ሐኪሙ ቤይሩት ሄዳ ብትታከም ተስፋ እንዳላት ነገራቸው። ሙዛሒም ዕድሜ በአላህ እጅ ነው አለና ወደ ጄኔሬተሮቹ ተመለሰ።

ብዙም ሳይቆይ ነዳጅ ሊገዛ ሲሄድ ጭምብል ያጠለቁ ሁለት ሰዎች መንገድ ዘጉበት። በጠመንጃ ሰደፍ አናቱን ብለው፣ ዓይኑን አስረው አንድ ባዶ መጋዘን ውስጥ ጣሉት። የሚናገረው አንደኛው ብቻ ነበር፤ ሁለተኛው ትንፍሽ አላለም። የሚያቀርቡለት ሻይ ስኳር የለውም፤ የስኳር በሽተኛው ሙዛሒም ይህን እንደ ዕድል ቆጠረው።

ተናጋሪው የመንዛሪውን ስምና የገንዘቡን ልክ አንድም ሳያጎድል ነገረው። ሙዛሒም ካደ። ገረፉት። አሁንም ካደ። ያን ጊዜ አንድ ጉልበት ደረቱ ላይ ተጫነው፤ ቢላም ቀኝ ጆሮውን ከሥሩ ይዞት ሄደ። ሙዛሒም ገንዘቡን ለቤቱ ሰው እንዲሰጥ ለመንዛሪው በስልክ ነገረው። አጋቾቹ ወደ ቤት ደውለው ገንዘቡን አምጡ ሲሉ ናሂዳ ከስልኩ ወዲያ ዋይ ስትል ተሰማች። ገንዘቡን ተቀብሎ ከተባለው ቦታ ያደረሰው ሰዕዱን ነው።

ሙዛሒም ተለቅቆ ቤቱ ሲገባ ለፖሊስ አላመለከተም። ቁስሉን እንኳ በወጉ ሳያሳሽግ ሁለት የአጎቱን ልጆች አስከትሎ፣ የብረት ቱቦ ይዞ ወደ ሙሀነድ ቤት ሄደ። ናሂዳ በባዶ እግሯ ተከተለችው። በሩ ላይ ክንዱን ይዛ ተንጠለጠለች።

"እሱ አይደለም" አለችው። "በአላህ ይዤሃለሁ፣ እሱ አይደለም።"

ገፍትሮ ጣላት። የአጎቱ ልጆች ሙሀነድን ከምሳው ላይ ጎትተው አወጡት።

"ሐጂ፣ እናቴ ትቅበረኝ፣ ለማንም አልተነፈስኩም" አለ ልጁ።

የመጀመሪያው ምት ጉልበቱን ሰበረው። ሁለተኛው መነጽሩን ከፊቱ ጋር አደቀቀው። ከዚያ በኋላ ቱቦው ሲነሳና ሲወድቅ እናቱ ደጃፍ ላይ ቆማ አየች። የአጎቱ ልጆች እንኳ በቃ ብለው ሊይዙት ሞከሩ፤ አልቻሉም። ሙሀነድ ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

ሙዛሒም ታሰረ። ጄኔሬተሮቹ ለሟች ቤተሰብ የደም ካሳ ሆነው ተወሰዱ። የሰፈሩ ሴቶች በናሂዳ አዘኑ፤ እንዲያ ታማ፣ እንዲያ ተደብድባ፣ ለማታውቀው ሰው ልጅ መማለዷን እያነሱ መረቋት። ለሙሀነድ ለቅሶ ሄዳ ነበር፤ እናቱ ስታቅፋት ግን ፊቷን ሸፍና ወጣች።

በጸደይ ወደ ቤይሩት ለመሄድ ተነሳች። ሰዕዱን በታክሲው አውሮፕላን ማረፊያ አደረሳት። ሻንጣዋን አውርዶ ሲያቀብላት አልተቀበለችውም፤ ፊቱን ትኩር ብላ አየችው።

"ገንዘቡን ብቻ ነበር ያልኩህ" አለችው። "ጆሮውን ባትቆርጠው ያ ልጅ አይሞትም ነበር።"