የቀኙ ጎማ

የሐዋሳው ዓሣ አጥማጅ ላሊሞ የጀልባውን ተሳቢ በመኪናው እየጎተተ ወደ ጎሚስታዋ ምንታምር ግቢ ገባ። እሷ አጎንብሳ ጎማዎቹን ዳበሰች፤ ሁለቱን ጎማዎች የሚያያይዘውን ብረት፣ አክስሉንም አየች።

«የተበላው የቀኙ ብቻ ነው» አለችው። «ንፋሱ ልክ ነው፤ አክስሉም ደህና ነው። ይሄ ወደ ግራ ብቻ ሲዞር የኖረ ተሳቢ ነው። የሐይቁ መንገድ ቀጥ ያለ ነው፤ አንተ የት ስታዞረው ትውላለህ?»

ላሊሞ መዋሸት ስላልሆነለት ከደጇ ፊት ያለውን አደባባይ በጣቱ አሳያት።

«እዚሁ ነው። ከሥራሽ ቀና ብለሽ እስክታይኝ ድረስ እዞራለሁ። አንድ ቀን እንኳ ቀና አላልሽም።»

ምንታምር እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«ቀና ካልኩማ ትሄድብኝ የለ!»