ቁልፍ አሰጣጥ

በአንድ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ሥራዋን ትወደዋለች። እብነ በረዱ ላይ የሻንጣ ጎማ ሲንከባለል ስትሰማ ልቧ ሞቅ ይላል። የክፍል ቁልፍ ስትሰጥ ቀኝ ክንዷን በግራ እጇ ደግፋ፣ ጎንበስ ብላ ነው፤ አባቷ ለትልቅ ሰው ዕቃ ሲያቀብል እንደሚያደርገው። ይህን ያሠለጠናት የለም።

እሁድ እሁድ ደግሞ ሙዚቃዊ ቴአትር አያመልጣትም። ባለፈው እሁድ ከባልደረባዋ ከአጸደ ጋር አዲሱን ልታይ ገባች። መጋረጃው ሲከፈት መሪ ተዋናይቷን አወቀቻት። ሳምንት ሙሉ ሎቢ ውስጥ ሻይ ስትጠጣ ሰንብታ፣ «ሥራሽ ያስቀናል» ያለቻት ደንበኛ ናት። አሁን የእንግዳ ተቀባይ ዩኒፎርም ለብሳለች። እየዘፈነች፣ ቀኝ ክንዷን በግራ እጇ ደግፋ፣ ግንባሯ ወለል ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው አጎንብሳ ለአንድ ፈረንጅ ቁልፍ ሰጠች። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

«አንቺ! ይቺ አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አለቻት አጸደ፣ የሳቅ እንባዋን እየጠረገች።

እሷም አብራ ሳቀች። ቤቷ ስትገባ ግን መስታወት ፊት ቆማ በአንድ እጅ ቁልፍ መስጠት ተለማመደች።

ሰኞ ጠዋት በዕድሜ አባቷን የሚያህሉ ሰው መጡ። እንደተለማመደችው አንድ እጇን ዘረጋች። ሽበታቸውን ስታይ ግን አላስቻላትም፤ ግራ እጇ ሳታዘው ሄዶ ቀኝ ክንዷን ደገፈ። ጎንበስ አለች።

ሰውየው ሳቁ።

«የትናንቱን ቴአትር አይተሻል ማለት ነው፣ ልጄ» አሏት ቁልፉን እየተቀበሉ። «ጎበዝ ነሽ። ግን እሷ ትበልጥሻለች።»